137 ባዶ ወንበሮች፦ ከካራ የታየ የጉዳይ ጥናት

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ስቆጥር አደርኩ። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከኮተቤ ሽቅብ ወደ ካራ ሲወጣ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አስተምር ስለነበር፣ እንደ ብዙ መምህራን እኔም የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ተመድቤ ነበር። ሰልፉ ከማለዳ እስከ ምሽት አልተቋረጠም። ሳጥኖቹ ሲከፈቱ አንዳችን ወረቀቱን ገልጦ ምልክቱን ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ንብ»፣ «ሁለት ጣት»፣ «ሁለት ጣት»። ንብ የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የተቃዋሚው የቅንጅት ምልክት ነበሩ። ሌላው በጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጭረት ይጨምራል። ታዛቢዎች አንገታቸውን አስግገው ይከተላሉ። ጠመኔው ሲያልቅ ከጎረቤት ክፍል አስመጣን። ሊነጋጋ ሲል የውጤት ቅጹን ፈርመን በሩ ላይ ለጠፍነው።

ውጤቱን ለመጠየቅ ቀድማ የደረሰችው ማንበብ የማትችል ሴት ነበረች። ከተራራው ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ ከሚወርዱት አንዷ ናት። ሸክሟን ሳታወርድ ግድግዳውን ተደገፈችና «መምህር፣ ማን አለፈ?» አለችኝ። ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው የውኃው ነገር ይሻሻላል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ያን ጊዜ «ይሻሻላል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ይህን መልሴን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። የከተማው ዳርቻ ነዋሪ ከገዥው ፓርቲ ውጭ ላለ ሰው ድምፁን ሲሰጥ፣ ያ ድምፅ ወዴት ይሄዳል? የተመረጠው ሰው ወንበሩ ላይ ይደርሳል? ደርሶስ ምን ማድረግ ይችላል?

በመጀመሪያ አንድ ነገር መለየት አለበት። ስለ ተቃዋሚ ተመራጮች ስናወራ ሁላችንም ዓይናችንን የምንጥለው አራት ኪሎ ላይ ነው። ካራ ለሚኖር ሰው ግን የዕለት ኑሮው የሚወሰነው በአብዛኛው በከተማው ምክር ቤት ነው። ውኃ በፈረቃ ይምጣ አይምጣ፣ የአፈር መንገዱ ኮብልስቶን ይነጠፍበት አይነጠፍበት፣ ሰነድ አልባ ይዞታ ካርታ ያግኝ አያግኝ፣ «ጨረቃ ቤት» የተባለው ይፍረስ ወይስ ይጽና፣ የልማት ተነሺው ገበሬ ምን ያህል ካሣ ይከፈለው፣ ይህ ሁሉ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። በከተማው ቻርተር፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ምክር ቤቱ በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባ ይመርጣል፣ አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል። መሀል ፒያሳ የሚኖር ሰው ቢያንስ ቧንቧና አስፋልት ቀድሞ ደርሶታል። ዳርቻው ገና ሁሉን የሚጠይቅ ነው፤ ስለዚህ ጠያቂ የሚያስፈልገውም ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ምርጫ አዲስ አበባ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 ወንበር በሙሉ ለቅንጅት ሰጠች። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበርም 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ቅንጅት የአራት ፓርቲዎች ጥምረት ነበር፤ መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ ቀስተ ደመና እና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ። ከዚያ በፊት የተቃዋሚው ድርሻ እጅግ ትንሽ ነበር። በ1987 ዋና ዋናዎቹ ድርጅቶች ከምርጫው ወጡ። በ1992 ጥቂት ወንበሮች ተገኙ፤ ከሐዲያ የተመረጡት ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። በዚህ አንጻር ሲታይ የ1997ቱ ውጤት ከድልም በላይ ነበር፤ ለትናንሽ ፓርቲዎች አንድን ዋና ከተማ እንዲያስተዳድሩ የተሰጠ ሙሉ አደራ ነበር።

አደራው ግን ሳይነካ ቀረ።

የሆነውን በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ወገን የራሱን ግማሽ ብቻ ያወራል። ምርጫው በአገር አቀፍ ደረጃ ተጭበርብሯል የሚለው ክርክር ተነሳ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መገደላቸውን በኋላ ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሥራ አሳየ። ሥራውን ሊያስረክብ የተዘጋጀው ፓርላማ ደግሞ ከመበተኑ በፊት የአሠራር ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት ከተስማሙ አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን 51 በመቶ ድጋፍ ግድ ሆነ። ይህ ለትንሽ ፓርቲ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ሒሳብ አዋቂ መሆን አያሻም። ከግማሽ በላይ ወንበር የያዘ ካልሆነ በቀር ማንም በራሱ ኃይል ጉዳይ አንስቶ ማወያየት አይችልም። ቅንጅት ውስጥ «እንግባ» እና «አንግባ» የሚል ክርክር ተነሳ፤ «አንግባ» አሸነፈ። የአዲስ አበባ ከንቲባ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቢሯቸውን ሳያዩ በጥቅምት 1998 ከሌሎች መሪዎች ጋር ታሰሩ። የተፈቱት በሐምሌ 1999 ነበር። ከተማዋ በግንቦት 1998 በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች።

እኔ የሚከተለውን ከልቤ አምናለሁ፤ የማይስማማ ብዙ ሰው እንዳለም አውቃለሁ። ከፓርላማው የመቅረት ውሳኔ የሚያከራክር ነው፤ እዚያ ቢገቡም ጥቂቶች ነበሩ። ከከተማው ምክር ቤት መቅረት ግን ታላቅ ስሕተት ነበር። እዚያ ጥቂቶች አልነበሩም። 138 ውስጥ 137 የያዘ ወገን አጀንዳ ለማስያዝ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። መንገዱ በእሾህ የተሞላ ቢሆንም፣ ገንዘቡና ሥልጣኑ ከላይ ሊቆረጥባቸው ቢችልም፣ የካራ፣ የአቃቂና የአስኮ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርብለት ሰው ይኖረው ነበር። ባለአደራው በተሾመ ጊዜ ግን የዳርቻው ሰው የሚያውቀው ፊት አልነበረም። የመረጠውን ሰው ስምና ሠፈር ያውቃል፤ አንዳንዱ መምህሩ፣ አንዳንዱ የዕድሩ ሰብሳቢ ነበር። በዚያ ፋንታ ወረቀቱን ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት መሄድ ጀመረ።

ያች ጭራሮ ተሸካሚ ሴት በኋላ ጎረቤቴ ሆነች። ዛሬ አርጅታለች፤ «እትዬ» ነው የምላት። ቤቷን የሠራችው ከአንድ ገበሬ በመንደር ውል በገዛችው መሬት ላይ ነው። የይዞታ ጉዳይዋን የሚመለከቱ ወረቀቶች በአንድ የስኳር ከረጢት ውስጥ ተጠቅልለው ከአልጋዋ ራስጌ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን አውጥታ እንዳነብላት ሰጠችኝ። የመንደር ውሉ በሦስት ምስክሮች የተፈረመ ነው። የውኃና የመብራት ደረሰኞች አሉ። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት የተሰጣት «በሂደት ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ አለ፤ ከዓመታት በኋላ የተጻፈ ሌላም «በሂደት ላይ ነው» የሚል አለ። ከሁሉ በታች፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የ1997 ዓ.ም. የመራጭነት ካርዷ ተቀምጧል። «ይሄን ለምን ያዝሽው?» ብላት «እሱም ወረቀት ነው፤ ማን ያውቃል» አለች።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በ2000 ዓ.ም. ለከተማው ምክር ቤት እንደገና ምርጫ ተደረገ። የመሪዎቹ መታሰርና የቅንጅት መሰነጣጠቅ ሜዳውን ባዶ አድርጎት ነበር። ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ያው 137 ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ተገልብጦ መጣ። በ2005 ዓ.ም. ሲደገም 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው ራሳቸውን አገለሉ፤ 138ቱም ለአንድ ወገን ሆነ። ያ ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑ በ2010 ሲያበቃ ምርጫው ተላለፈና እስከ 2013 ቀጠለ። በ2010 ቻርተሩ ተሻሽሎ፣ የምክር ቤቱ አባል ያልሆነ ሰው በምክትል ከንቲባነት ከተማዋን እንዲመራ ተፈቀደ፤ ኢንጂነር ታከለ ኡማ፣ ከእርሳቸውም በኋላ ወይዘሮ አዳነች አቤቤ በዚሁ መንገድ ነው ወደ ሥልጣን የመጡት። ሹመቱ ደግ ይሁን ክፉ እዚህ አልከራከርም። የእኔ ጥያቄ፣ የመረጥነው ሰው ከተማችንን ይምራ የሚለው ሐሳብ ሲላላ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ በዚህ ላይ አጥብቆ የሚጠይቅ አንድ የሌላ ፓርቲ ሰው ለምን ጠፋ ነው። የጠፋው ስላልተቀመጠ ነው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫም 138ቱ ኢሕአዴግን ለተካው ብልጽግና ሆኑ።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ወንበር አለ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች ኢሕአዴግ 499፣ አጋሮቹ 46 ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ነበሩ። አንዱን በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስ ከቦንጋ፣ ሌላውን በተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት በመድረክ ስም የቀረቡት የአንድነት ፓርቲው አቶ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ አገኙ። አንድነት የተመሠረተው በ2000 ዓ.ም. ሲሆን ሊቀመንበሩ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በታኅሣሥ 2001 ዳግም ታስረው እስከ መስከረም 2003 አልተፈቱም። ፓርቲው ወደ ምርጫው የገባው ሊቀመንበሩ እስር ቤት ሆና ነው።

ካራ አደባባይ አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ጥያቄ ሲመልሱ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ሰው ሁሉ ጨዋታውን ይቀጥላል፤ ሲኒ ይንቋቋል፤ አስተናጋጁ ሒሳብ ይጠራል። አቶ ግርማ ሊናገሩ ሲነሡ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። የሚደግፋቸውም የማይደግፋቸውም ያዳምጣል። ካራ የእርሳቸው የምርጫ ክልል አልነበረም፤ ማንም ግን ይህን አልጠየቀም። ማታ በዜና «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ሲባል፣ የሻይ ቤቱ ሰው ያ አንድ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር።

አንድ ድምፅ ሕግ አያስቀርም። አምስት ዓመት ሙሉ የተቃወሙት ሁሉ ጸድቋል። ታዲያ ምን ጠቀመ? እኔ ሦስት ነገር አይቻለሁ፤ እንዳየሁትም እናገራለሁ። ሚኒስትሩ ያልተዘጋጀበትን ጥያቄ ሊጠየቅ እንደሚችል እያወቀ ይመጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል ይቀራል፤ ይህም ነገ ለሚጽፍ ሰው ማስረጃ ነው። ከሁለቱ ይልቅ የሚበልጥብኝ ግን ይህ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑንና ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ መሆኑን ይደነግጋል። የሻይ ቤቱ ጸጥታ ያንን አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይን ያሳየኝ ነበር። ተወካይ የሌለው ሰው ሁሉ አንዱን ሰው ተወካዬ ብሎ ያዘው።

ያም ወንበር አልዘለቀም። በጥር 2007 የምርጫ ቦርድ በአንድነት ውስጥ ከተፈጠሩት ሁለት ወገኖች ለአንዱ እውቅና ሰጥቶ ነባሩን አመራር ከጨዋታ ውጭ አደረገ። ምርጫው አራት ወር ቀርቶት ነበር። በግንቦት 2007 ከ547ቱ አንድም ለተቃዋሚ አልተረፈም። በግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች፣ አንድነትና ሰማያዊን ጨምሮ፣ ራሳቸውን አክስመው ኢዜማን መሠረቱ። ኢዜማ በ2013 ምርጫ 4 የፓርላማ ወንበር አገኘ፤ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) 5፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 አገኙ። ከአዲስ አበባ አንድም የለበትም። ያን ምርጫ የመሩት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ደግሞ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ።

ከምርጫው በኋላ ዶክተር ብርሃኑ የትምህርት ሚኒስትር፣ አቶ ግርማ ደግሞ የአዲስ አበባ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን ኮሚሽነር ሆነው ተሾሙ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትልቅ ለውጥ አየው፤ አብሮ መሥራት መለመዱ መልካም ነው። ነገር ግን ሹመት ውክልና አይደለም። ተሿሚ ተጠሪነቱ ለሾመው ነው፤ ተመራጭ ለመረጠው። እትዬ የስኳር ከረጢቷን ይዛ ወደ ኮሚሽነር ብትሄድ፣ ኮሚሽነሩ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ጉዳዩ የእርሱ አይደለም።

ወንበሩ በየምርጫው የሚጠፋበትን ምክንያት ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ አንዱ «አፈና»፣ ሌላው «የተቃዋሚው ድክመት» ይላል። አፈናው ነበረ፤ እስሩም የደንብ ለውጡም ከላይ ተጽፏል። ድክመቱም ነበረ፤ መሰንጠቅና ከምርጫ መውጣት ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ሦስተኛው ምክንያት ግን ብዙም አይወራም። በአንድ የምርጫ ክልል 1,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። አንዱ ፓርቲ 400፣ ሁለተኛው 350፣ ሦስተኛው 250 ቢያገኝ፣ 400 ያገኘው ወንበሩን ይወስዳል፤ ለሌሎች የተሰጠው 600 ድምፅ በወረቀት ይቀራል። ይህ አሠራር 1997 ላይ ቅንጅትን ጠቅሞ 137 ሰጠው፤ 2000 ላይ ያንኑ 137 ለተቃራኒው ሰጠ። በ2013 አዲስ አበባ ውስጥ ኢዜማ፣ መሪው አቶ እስክንድር ነጋ እስር ቤት የነበሩት ባልደራስና ሌሎችም በአንድ ሠፈር ለአንድ ዓይነት መራጭ ተሻሙ። ሁሉም ደጋፊ ነበራቸው፤ ወንበር ግን አንዳቸውም አላገኙም።

እዚህ ላይ ባለሥልጣናትም ፓርቲዎችም ሊሰሙልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል የሚለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የተጻፈ ስለሆነ እሱን መለወጥ ከባድ ነው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ግን በዚያ አንቀጽ የታሰረ አይደለም። አንቀጽ 49 ለከተማዋ ራሷን የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጥና ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል። ስለዚህ ለከተማው ምክር ቤት የተመጣጠነ ውክልናን፣ ማለትም ወንበር እንደ ድምፁ ድርሻ የሚከፋፈልበትን አሠራር፣ ለመጀመር ሕገ መንግሥት መነካት የለበትም፤ አዋጅ ይበቃል። በ138 ወንበር ላይ ከመቶ አሥር ያገኘ ፓርቲ ወደ 14 ሰው ያስገባል። አሥራ አራት ሰው በጀት አይጥልም፤ ነገር ግን በየቋሚ ኮሚቴው ይቀመጣል፣ ሰነድ ያያል፣ ይጠይቃል። ትልቁ ፓርቲም ቢሆን አንድ ቀን ጠዋት 137 በአንዴ እንዳያጣ ዋስትና ይሆነዋል። የ1997ቱን ሁከት ያየ ሰው የዚህን ዋጋ አይስተውም።

ይህን ሐሳብ ባለፈው መስከረም፣ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ለእትዬ በቀስታ አስረዳኋት። አቦሉን እየቀዳች አዳመጠችኝ። ጨርሼ ዝም ስል ስኒውን አቀበለችኝና «መምህር፣ ከአሥራ አራቱ አንዱ ካራ የሚኖር ይሆናል?» አለች።

ወዲያው አልመለስኩላትም። በተመጣጠነ ውክልና ፓርቲው የስም ዝርዝር ያቀርባል፤ ዝርዝሩ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው ደግሞ ለፓርቲው ቢሮ የቀረበ ሰው ነው፣ ያም መሀል ከተማ ነው። ስለዚህ አሁን ሐሳቤን አስተካክያለሁ። ዝርዝሩ ለመላው ከተማ አንድ ሳይሆን በአሥራ አንዱ ክፍለ ከተሞች ተከፋፍሎ ይቅረብ፤ ዕጩውም በዚያው ክፍለ ከተማ ነዋሪነቱ ይረጋገጥ። በማግሥቱ ይህን ልነግራት ስሄድ በሯ ተቆልፏል። የስኳር ከረጢቷን ይዛ በመጀመሪያው ታክሲ ወደ መገናኛ ወርዳለች።